ምሰሶ

በካንሳስ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
ስንዴና ሰማይ ብቻ በሚተያዩበት፣
አንዲት ጸሎት ቤት አለች፣ እኔ የማገለግልበት፤
ስሟ «የጽዮን ተራራ»፣ ተራራ ሳይኖርበት።

እኔ ኦርቪል ነኝ፣ ዲያቆን፣ ሰባ ሁለት ዓመቴ፤
የመንገድ ዳር ሰሌዳው ነው የኔ አገልግሎቴ።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መሰላል ተሸክሜ፣
የፕላስቲክ ፊደል እደረድራለሁ ቆሜ።
ገበሬው በፒካፑ ሲያልፍ እንዲያነብ ብዬ፣
እሰብካለሁ፣ ያለ ደመወዝ፣ ምላሴን ስዬ፦
«ሙቀቱ በረታ? ገና ምኑ ታየ!
ሲኦል ውስጥ ማቀዝቀዣ ማን ሲገጠም አየ?»

ሰው መኪናው ውስጥ ሳቀ፣ ጡሩምባውን ነፋ፤
«ነፍስ ዳነች» እያልኩኝ ደረቴ ሰፋ፤
ስለ ትሕትና የጻፍኩ ዕለት ግን፣ በጣም ሰፋ።

እኛ አንዋሽም፤ እኛ አናማም፤ ሐሜት ኃጢአት ነው፤
ረቡዕ ማታ ግን «የጸሎት ርዕስ» አለን፣ ያው ነው።
ኧርማ ዓይኗን ጨፍና፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በትሕትና፦
«ጌታ ሆይ፣ ደልበርትን አስብ፤ ሚስቱ ሄደች አሉ፤
ሰማያዊ መኪና ነበር ደጃፉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፤
አንተ ታውቃለህ» ስትል፣ እኛም «አሜን» አልን፤
ከጸሎቱ በኋላ ታርጋውን ጠየቅን።

ምንጣፉን ልንቀይር ኮሚቴ አቋቋምን፤
አሥራ አንድ ወር ሙሉ በቀለም ተከራከርን፣
በጌታ ፍቅር ሆነን ሰላምታ ተነፋፈግን።
የቀዩ ወገን በግራ፣ ያረንጓዴው በቀኝ፤
እኔ ቀይ ነኝ፤ ከራእይ ሳይቀር ጥቅስ ተገኘልኝ።

ደልበርት የሚኖረው ከመንገዱ ማዶ፣
ትራክተር ይጠግናል፣ ጥቁር ዘይት ለምዶ።
መጋረጃውን ሲገልጥ የሚያየው የኔን ጽሑፍ ነው፤
ያን ሳምንት የጻፍኩትም (ስሙን አልጠቀስኩም) ለሱ ነው፦
«ቤቱን በአሸዋ የሠራ፣ ሚስቱ ብትሄድ አይግረመው!»

ጉባኤው አጨበጨበ። ኧርማ ኬክ ጋገረችልኝ።
እኔም በላሁት። (ሁለት ቁራጭ። ጌታ ይማረኝ።)

ማክሰኞ ሌሊት ነፋሱ ከምዕራብ ተነሥቶ፣
ምሰሶውን ነቀለው፣ እንደ ጥርስ አላልቶ፤
ፊደሉም እንደ ዘር ሜዳው ላይ ተረጭቶ፤
ምሰሶውስ የት ወደቀ? ከደጄ፣ ከፒካፔ ላይ፤
መስታወቱን በስቶ ገባ፣ ልክ ዓይኔ በሚሆንበት ላይ።

ሃምሳ ዓመት አስተምሬያለሁ ስለ ጉድፍና ምሰሶ፤
ጌታ አይቀልድም ያለ ሰው ይየኝ፣ ተመልሶ።

ንጋት ላይ ስልክ ደወልኩ። ፓስተር ሎወል «እንጸልያለን»፣
ኧርማ «እናስብሃለን»፣ ኮሚቴው «እንሰበሰባለን»።
ደልበርት አልተሰበሰበም። ሰንሰለትና ትራክተር ይዞ፣
መጣ፣ ከነቱታው፣ ፊቱ እንቅልፍ አጥቶ፣ ፈዞ፤
ጎትቶ አወጣልኝ፣ ከዓይኔ፣ ምሰሶውን፤
ከኪሱም አራግፎ ሰጠኝ የለቀመውን።
«ጓሮዬ ወድቀው ነበር» አለ። ሌላ አልተናገረም።
ሰባ ሁለት ዓመት ለፍልፌ፣ ያን ዕለት ቃል አልወጣኝም።

ቅዳሜ ሰሌዳው ቆመ፤ መሰላሉን ወጣሁ፤
«ይቅርታ» ልጽፍ ነበር፣ ግን «ታ»ን ከሳጥኑ አጣሁ፤
በነፋሱ ሄዳለች፣ ምናልባት ኦክላሆማ፤
«ይቅር» ብቻ ጽፌ ወረድኩ፤ ወሬው ተሰማ።

እሑድ ፓስተር «ምኑ ነው የሚቀረው?» አለ፤
ኧርማ፣ የረቡዕ ጸሎት መስሏት፣ ፊቷ ተቃጠለ፤
የምንጣፉ ኮሚቴ ግን፣ ቀዩም አረንጓዴውም፣
ተያየና «ይቅር» አለ። አሮጌው ምንጣፍ አለ፣ አሁንም፤
ቡናማ ነው፤ የቅዱስ ቁርባን ጭማቂ ቢፈስበት አይታይም።

ደልበርት ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ይመጣል አልልም፤
እንዲህ ያለ ፍጻሜ ለምስክርነት እናሳምረዋለን እንጂ፣ በኑሮ አይገኝም።
ግን ሰኞ ጠዋት መጋረጃውን ገልጦ ሰሌዳውን አየ፤
ቆየ።
እጁን አነሣ፤ ሰላምታ ይሁን ዝንብ ያባር፣ በመነጽሬ አልተለየ።

ረቡዕ ማታ ስለዚህ ምንም አልተናገርኩም።
(ለናንተ ግን ነገርኳችሁ። ጸልዩልኝ፤ ገና አልዳንኩም።)